ዲከረንስ በፋግታ ለኮማ፦ ማሳ ወይስ ደን?

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገብስ፣ ድንችና ጤፍ ይበቅልበት የነበረው ደጋ ባለፉት ሁለት ሦስት አሥርት ዓመታት ዲከረንስ የተባለ ዛፍ በሰፊው ለብሷል። የሳተላይት ምስል የመረመሩ ጥናቶች ለውጡን የደን ሽፋን መጨመር አድርገው ይመዘግቡታል። ይህ አመዳደብ የገበሬውን ሥራ ከዓይን ይሰውራል ባይ ነኝ፤ እዚያ የምናየው ዛፍ የገባበት የሰብል ፈረቃ ነው።

መነሻው አፈሩ ነው። ዝናብ በሚበዛበት በዚህ ደጋ አፈሩ አሲዳማ ነው፤ ማዳበሪያ ቢበተንበትም ፎስፈረሱ በአፈሩ ስለሚታሰር ሰብሉ በወጉ አይጠቀምበትም። ኖራ መፍትሔ ቢሆንም ብዙ ኩንታል ገዝቶ ዳገት ላይ ማድረስ የአንድ ጥማድ ባለይዞታ አቅም አይደለም። ዲከረንስ ግን አሲዱን ይችላል፣ ናይትሮጅንም ከአየር ይስባል።

ፈረቃው እንዲህ ይሄዳል። በክረምት ችግኙ ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ይተከላል፤ ጤፉ ሲታጨድ ችግኙ ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት በመሐሉ የበቀለው ሣር ለከብት ይታጨዳል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ይቆረጥና ግንዱ ለከሰል ተከምሮ በቅጠልና በአፈር ይለበጣል። አክሳዩ ቀን ከሌት አጠገቡ ሆኖ የተሸነቆረውን በአፈር ይደፍናል፤ አየር ከገባ የአምስት ዓመት ልፋት አመድ ይሆናል። ከሰሉ ተጭኖ ሲሄድ ማሳው ይታረሳል፤ ጤፉና አዲሱ ችግኝ አብረው ይገባሉ።

አምስት ዓመት የሚጠብቅ ገበሬ መሬቱ እንደማይወሰድበት ማመን አለበት። የ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ባልተረሳበት ክልል የይዞታ ደብተሩ ለዚህ እምነት ትልቅ ድርሻ እንዳለው አምናለሁ። መሬት የሌለው ወጣት ደግሞ በቆረጣ፣ በማክሰልና በጭነት ሥራ አግኝቷል፤ የእኩል አራሹ ግን የሚያርሰው ማሳ ለዓመታት ተቆልፎበታል።

በ2010ዎቹ መጀመሪያ ዋግ የሚያመጣ ፈንገስ ተከላውን መታው። ቅጠሉ እየረገፈ፣ ለጋው ቅርንጫፍ እየደረቀ ብዙ ማሳ ተበላሸ። አንድ ዝርያ ብቻ በተተከለበት አካባቢ በሽታው የሚያቆመው አላገኘም። ለስንዴ ዋግ የሚደረገው ክትትልና የዝርያ ምርምር ለዲከረንስም ይገባዋል የምለው ለዚህ ነው፤ የብዙ ቤተሰብ ዋና ሰብል ሆኗልና። ፋታ የለም፤ ዛፉ የደረቀበት ገበሬ ፊቱን ወደ ባሕር ዛፍ ካዞረ፣ ባሕር ዛፍ ተቆርጦም ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ማሳው በቀላሉ ወደ ጤፍ አይመለስም።