ክታብ፣ ዳዊት፣ መምሪያ፦ የጣና ዳር ቤተሰብና ንባብ

ደቅ ከጣና ደሴቶች ሁሉ ሰፊው ነው። ከአጠገቡ ዳጋ እስጢፋኖስ አለች፤ ነገሥታት ያረፉባት፣ ሴት የማትረግጣት የመነኮሳት ደሴት። ደቅ ግን የባለትዳር አገር ነው፤ ይታረሳል፣ ከብት ይረባበታል፣ ልጅ ይወለድበታል። ስለ ጣና መጻሕፍት ሲነሣ ሁሉም የሚያስበው የዳጋንና የክብራን ገብርኤልን ብራናዎች ነው። ኤርንስት ሐመርሽሚትም በ1968 እ.ኤ.አ. ወደ ሐይቁ መጥቶ በማይክሮፊልም የቀዳው የገዳማቱን መጻሕፍት ነው። በባለትዳሩ ቤት የነበረው ጽሑፍ ግን ሌላ ነበር፤ ዕቃ ቤት አይቀመጥም፣ በአንገት ይንጠለጠላል።

ክታብ ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ በተዘጋጀ ጠባብ ብራና ላይ ይጻፋል። ደብተራው የባለቤቷን የክርስትና ስም እየጠራ ይጽፈዋል፤ ርዝመቱም ብዙ ጊዜ በቁመቷ ልክ ነው። ለእናቶች በብዛት የሚጻፈው ጸሎተ ሱስንዮስ ነው፤ ሕፃናትን ትገድላለች የተባለችው ውርዝልያ በቅዱስ ሱስንዮስ ድል የተነሣችበት ታሪክ። አራስ ቤት ያለ ሕፃን በድንገት ሲያተኩሰው፣ ሐኪም በሌለበት ዘመን፣ እናት ልጇን ለማትረፍ ከጠበልና ከስእለት ጋር የምትይዘው ይህንኑ ነበር። በዚህ ጠባብ ብራና ላይ ትልቅ የወላጅ ፍቅር አለ። ዕድሜ ልኳን አንግታው የምትኖረው እናት ግን አብዛኛውን ጊዜ አታነበውም ነበር።

ልጇ ያነብ ነበር፤ ወንድ ከሆነ። የኔታ ዘንድ ይላካል፣ በስንደዶ እየነካ ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳውን ይለያል፣ ከመልእክተ ዮሐንስና ከወንጌሉ አልፎ ዳዊት ይደግማል። 150ውን መዝሙር የጨረሰ ልጅ ቤተሰቡን ያኮራል፤ አቅም ያላቸው ወላጆች ይደግሳሉ፣ ለየኔታም ስጦታ ይሰጣሉ። ድግሱን የምትደግሰው እናት ናት። ድግሱ የተደገሰለት መጽሐፍ ግን ለእርሷ ዝግ ነበር።

በደቅ አጠገብ ናርጋ ሥላሴን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። በዚያው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከእመቤታችንና ከልጇ እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። በ18ኛው መቶ ዘመን አገር ያስተዳደረች ሴት ናት። ከቅጥሩ ውጭ ላለችው ገበሬ ሴት ግን የንባብ በር በዚያ አልተከፈተም።

የዚህ በር መዘጋት ኋላ በጤና ጉዳይም ታየ። ከሐይቁ በስተሰሜን ያለው የደምቢያ ሜዳ በ1940ዎቹ አጋማሽ የድሮ ሰዎች ንዳድ በሚሉት ወባ ተመታ። ወረርሽኙ 7,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ዱብ ዕዳው ብዙ ሳይርቅ ጎንደር ላይ ታላቅ ነገር አስከተለ፦ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። በሽታን ከመነሻው መከላከልን የሚማሩ ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ከዚያ ወጡ። ባለሙያው ግን ገጠር ወርዶ ስለ ውኃ፣ ስለ ትንኝና ስለ ጡት ማጥባት ያስተማረውን ቤቷ ይዛ የምትሄድበት ጽሑፍ ያልነበራት እናት የሰማችውን በቃሏ ከመያዝ ሌላ ምርጫ አልነበራትም።

ይህን መለወጥ የጀመረው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ ኋላ ወደ 15 አደገ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን ሽልማት አገኘ። ዘመኑ ብዙ መከራ ያለበት ነበር፤ ቢሆንም እናት ከልጇ ጋር በአንድ ሰሌዳ ፊት ተቀምጣ ስሟን መጻፍ መማሯ ሊካድ የማይገባ ትልቅ ድል ነው።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ሲጀመር ሥራው የተሰጠው ለሴቶች ነበር። ከየቀበሌው አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ተመርጠው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ለየጤና ኬላው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ቤት ለቤት እየዞሩ ክትባትን፣ የእርግዝና ክትትልን፣ የአጎበር አጠቃቀምንና የመጸዳጃ ቤትን ነገር ያስተምራሉ። ለቤተሰቡ የሚሰጠው በሥዕል የተደገፈው የጤና መምሪያም በእናት እጅ ይገባል፤ ከክታብ በኋላ ለልጅ ጤና ተብሎ ቤት የገባ፣ እናት ራሷ ከፍታ የምታየው ጽሑፍ ይህ ነው።

ሥራው አሥረኛ ክፍል ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬም ልጅቷ ትምህርቷን ሳትጨርስ ከተዳረች ደቅ የራሱን ጤና ባለሙያ ያጣል። በደቅም ሆነ በጣና ዙሪያ የምትኖሩ ወላጆች፣ ሴት ልጆቻችሁን ከትምህርት ቤት አታስቀሩ።