ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፤ ሠዓሊው የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም



እኛ የታይዋን ሰዎች የጉምሩክ ወሬ አያልቅብንም። ዕቃው ገባ፣ ዕቃው ተያዘ ስንል ይመሻል። በአልጋ ወራሽ ተፈሪ ዘመን የዚህችው ከተማ ጉምሩክ ሹም ከነበሩት አንዱ ግን ሥዕል የተማሩ ሰው እንደነበሩ ስንቶቻችን ሰምተናል? ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ማለቴ ነው።

አፈወርቅ በ1868 እ.ኤ.አ. ጣና ዳር ዘጌ ተወለዱ። ለእቴጌ ጣይቱ ዘመድ ነበሩ። በ1887 ወደ ጣልያን አገር ተልከው ቶሪኖ በሚገኘው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሥዕል ተማሩ። የእኛ ሠዓሊ ከመምህሩ ሥር ቁጭ ብሎ ቅዱሳንን መሣል በሚማርበት ዘመን የፈረንጁን አሣሣል ከባለቤቱ ደጅ ሄደው ከቀሰሙት ቀደምቶች አንዱ ናቸው። ሲመለሱ የእንጦጦ ራጉኤልን እንዲሥሉ ታዘዙ። ከእቴጌይቱ ጋር ግን አልተስማሙም። እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዱና በዐድዋው ጦርነት ሰሞን ስዊስ አገር ሳሉ ወደ ጣልያኖች ገቡ። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ኔፕልስ አማርኛ ሲያስተምሩ ብሩሹ ቀረና ብዕሩ በረታ። በ1908 እ.ኤ.አ. ሮማ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ዛሬ ልጆቻችን «ልብ ወለድ» የሚሉት ከዚያው አርእስት የመጣ ነው። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ «ዳግማዊ ምኒልክ»ን አሳተሙ፤ ጥለዋቸው የሄዱትን ንጉሥ እያሞገሱ ማለት ነው! ሠዓሊነታቸውን ሰው የረሳው ጽሕፈቱ ስለ ጋረደው ይመስለኛል።

ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ የጂቡቲ ዕቃ ሁሉ በዚህ ያልፍ ነበር። ነጋድራስም ቀረጥ ሰብሳቢ ብቻ አልነበረም፤ የነጋዴውን ክርክር ይዳኛል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ዐረቡ በሚጨቃጨቅበት ከተማ ቋንቋ የሚያውቅ ሹም ያስፈልግ ነበርና አፈወርቅ ተሾሙ። ሌላው ምሁር ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም የዚሁ ጉምሩክ ሹም ነበሩ። ከአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት እንዲህ ያሉ ደራሲዎች! ይህን ከከተማችን ታሪክ መፋቅ አይገባም፤ ክህደቱንም በመጽሐፉ ልጠበው የሚል ካለ እኔ የለሁበትም።

አፈወርቅ በ1932 እ.ኤ.አ. ሮማ የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው ተላኩ። ፋሺስት በ1936 አገሪቱን ሲይዝ ግን ከወራሪው ጋር ቆሙ፤ «አፈ ቄሣር» ተባሉ። ከነጻነት በኋላ ተፈርዶባቸው ወደ ጅማ ተጋዙ። እዚያም ያ ሥዕል የተማረ ዓይን ጠፋ፤ በ1947 እ.ኤ.አ. በግዞት እንዳሉ ዐረፉ።