የሽያጭ ገንዘብ፣ አደራና ሕግ



በሰፈራችን በምሥራቅ ሱቅ የሌለበት መንገድ የለም። ባለሱቁ ታዲያ ሁልጊዜ ከባንኮኒው ኋላ አይቆምም፤ ሰው ይቀጥራል። ቅጥሩ ሻጭ የሽያጩን ገንዘብ ኪሱ የከተተ እንደሆነስ? እኛ «ሌባ ነው» ብለን እንገላገላለን። ሕጉ ግን ሌላ ስም ሰጥቶታል፤ ምክንያቱን ከታሪኩ ጋር ጥቂት እንበል።

በጥንቱ ዘመን ሌባ የሚፈለገው በሌባ ሻይ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ወገቡን ታስሮ ይለቀቃል፤ ሄዶ ከወደቀበት ቤት ያለው ሰው ሌባ ተብሎ ይያዛል። ስንቱ ንጹሕ ሰው በዚህ ተበልቶ ይሆን! ያም ሆኖ ዘዴው ላነሳነው ጉዳይ አይረባም። ሌባ ሻይ የሚፈልገው ያልታወቀውን ወሳጅ ነው። የሱቅ ሻጭ ግን የታወቀ ሰው ነው፤ ገንዘቡንም ገዢው በእጁ ሰጠው እንጂ ከማንም አልነጠቀም። ጥያቄው «ማን ወሰደ?» ሳይሆን «የተቀበለውን የሰው ገንዘብ ምን አደረገው?» ነው። ፍትሐ ነገሥትም ቢሆን ስለ ስርቆትና ስለ አደራ ለየብቻ ነው የጻፈው።

ልዩነቱን በዘመናዊ መልክ ያስቀመጠው በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። አርቃቂው ስዊሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ነበሩ። ሕጉ በሥራ ላይ የዋለው በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያኔ ሐዋሳችን ገና አልተቆረቆረችም። ስርቆት በቁጥር 630፣ እምነት ማጉደል በቁጥር 641 ተደነገጉ። የሱቁ ዘበኛ ሌሊት ከመሳቢያው ገንዘብ ቢወስድ ሰረቀ ይባላል፤ ሽያጩን እንዲቀበል የተቀጠረው ሻጭ ያንኑ ገንዘብ ለራሱ ቢያደርገው ግን እምነት አጎደለ ነው የሚባለው።

በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካውና ትልልቁ ድርጅት ሲወረስ ብዙ ሻጭ በአንድ ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ። ለዚህኛው ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 214 ተሻሻለ። የመንግሥት መደብር ሻጭና የግል ሱቅ ሻጭ እኩል ብር ቢያጎድሉ የሚጠብቃቸው ሕግ አንድ አልነበረም።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ወዲህ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ እምነት ማጉደልን በአንቀጽ 675 ይዞታል፤ ቅጣቱ ቀላል እስራት ወይም እስከ 5 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው። ለተራ ስርቆትም ቅጣቱ ያው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ባለሱቅ የሚስተው ነገር አለ። ሒሳብ ጎደለ ማለት ብቻውን ወንጀል ተሠራ ማለት አይደለም፤ መልስ አሳስቶ የሰጠ፣ ዱቤ ሳይጽፍ የቀረ ሻጭም ይጎድልበታል። ለወንጀል ያላግባብ የመበልጸግ አሳብ ያስፈልጋል። በሌላ ወገን፣ በሽማግሌ ፊት ከፍሎ መታረቁ ቅጣት ሊያቀልለት ይችላል እንጂ የተሠራውን ወንጀል እንዳልተሠራ አያደርገውም።

ይህ ሁሉ ዕድራችንን ምን አገባው እንዳትሉ። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ የግል ድርጅቶችን «ሕዝባዊ ድርጅት» ብሎ ከሙስና ሕግ ሥር ሲያስገባ፣ ዕድርን በስም ጠርቶ ከዚህ ትርጉም አውጥቶታል። ስለዚህ የወር መዋጮ ተቀብሎ ለራሱ ያደረገ የዕድር ገንዘብ ሰብሳቢ በሙስና ሳይሆን፣ ልክ እንደ ሱቁ ሻጭ፣ በእምነት ማጉደል ይጠየቃል። ያን ጊዜ ዳኛው የሚያየው የተቀበለበትን ደረሰኝና የፈረመበትን መዝገብ ነው።