በባሕር ላይ የነዳጅ ማውጫዎች ሥር ትልልቅ ዓሦች ለምን ይሰበሰባሉ? ሠራተኞችስ በዕረፍታቸው እንዳያጠምዱ የሚከለከሉት ለምንድን ነው?

ከባሕር ዳርቻ በአሥሮች ወይም በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀው በሚገኙ የነዳጅና የጋዝ ማውጫ መድረኮች ላይ የሚሠሩ ሰዎች ቀናቸውን ለሁለት ከፍለው ይኖራሉ። አብዛኛውን ጊዜ 12 ሰዓት ይሠራሉ፤ በቀረው 12 ሰዓት ይመገባሉ፣ ይተኛሉ፣ ከቤተሰባቸው ጋር ይገናኛሉ። ይህ ኑሮ ለሁለት፣ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንታት ያለማቋረጥ ይቀጥላል። ከዚያም ሠራተኛው በሄሊኮፕተር ወይም በጀልባ ወደ የብስ ይመለሳል።

በመድረኩ ላይ ገበያ የለም፤ ከሥራ በኋላ ወጣ ብሎ የሚንሸራሸሩበት ጎዳናም የለም። ከሠራተኞቹ እግር ሥር ግን የስፖርት አጥማጆች ብዙ ገንዘብ ከፍለው የሚፈልጓቸው ቱና፣ ማርሊን፣ አምበርጃክና ባራኩዳ ይዋኛሉ። ከፈረቃ በኋላ መንጠቆ መጣል ከኢንዱስትሪው ጋር አብሮ ያደገ ልማድ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ግን ብዙ ኩባንያዎች በመድረኮቻቸው ላይ ዓሣ ማጥመድን ከልክለዋል።

ለመሆኑ ዓሦቹን ወደ ብረቱ የሚስባቸው ምንድን ነው? ክልከላውስ ከምን የመነጨ ነው? ጉዳዩ ለምሥራቅ አፍሪካስ ምን ትርጉም አለው?

ብረት እንዴት የዓሣ መኖሪያ ይሆናል?

እአአ በ1947 በአሜሪካዋ የሉዊዚያና ግዛት ትይዩ፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ከየብስ ሊታይ በማይችል ርቀት ላይ የተቆፈረ የነዳጅ ጉድጓድ ውጤታማ ሆነ። የውኃው ጥልቀት ስድስት ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት በዚያ ባሕረ ሰላጤ በሺዎች የሚቆጠሩ መድረኮች ተተከሉ።

የባሕረ ሰላጤው ወለል በአብዛኛው ጭቃና አሸዋ ነው። ኮራልና ልዩ ልዩ ዛጎል ለበስ ፍጥረታት ግን ለመኖር የሚጣበቁበት ጠንካራ ነገር ያስፈልጋቸዋል። የመድረኩ የብረት እግሮች ውኃ ውስጥ በገቡ ጥቂት ወራት ውስጥ በአልጌ ይሸፈናሉ፤ ቀጥሎም ዛጎል ለበሶች፣ ስፖንጆችና በአንዳንድ ቦታ ኮራሎች ይበቅሉባቸዋል። እነዚህን የሚመገቡ ትናንሽ ዓሦች ይከተላሉ። ትናንሾቹ ባሉበት ደግሞ አዳኞቹ አይጠፉም።

የመድረኩ መብራትም የራሱ ድርሻ አለው። ሌሊት በውኃው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ፕላንክተንን፣ ስኩዊድንና በራሪ ዓሣን ይስባል። ቱናዎች ከብርሃኑ ጠርዝ፣ ከጨለማው ወገን ሆነው ያድናሉ።

በጥልቅ ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ መድረኮች እግራቸው ከወለሉ ባይደርስም ተመሳሳይ ውጤት አላቸው። የውቅያኖስ ዓሦች ከተንሳፋፊ ነገር ሥር የመሰብሰብ ጠባይ አላቸው፤ ግንድም ሆነ የባሕር አረም ይስባቸዋል። በሕንድ ውቅያኖስ የሚሠሩ ትልልቅ የቱና መርከቦች ሰው ሠራሽ ተንሳፋፊዎችን በውኃው ላይ እየለቀቁ የሚያጠምዱት ይህንኑ ጠባይ ተጠቅመው ነው።

እአአ በ2014 ይፋ የሆነ ጥናት በካሊፎርኒያ ትይዩ ያሉ የነዳጅ መድረኮች በዓለም ላይ ከተጠኑ የባሕር ዓሣ መኖሪያዎች ሁሉ እጅግ ምርታማ ከሆኑት መካከል መሆናቸውን አመልክቷል። ሆኖም ባለሙያዎች የሚከራከሩበት አንድ ጥያቄ አለ፦ መድረኩ አዲስ ዓሣ እንዲራባ ያደርጋል ወይስ በሌላ ቦታ ይኖር የነበረውን ዓሣ ብቻ ይሰበስባል? መልሱ እንደ ዓሣው ዝርያና እንደ ቦታው ይለያያል። የሚሰበስብ ብቻ ከሆነ ዓሣውን ለአጥማጅ ይበልጥ ያጋልጠዋል ማለት ነው።

ዓሦቹ ምን ያህል ያድጋሉ?

በስፖርት አጥማጆች ዘንድ ከፍተኛውን ስፍራ የያዙት አፋቸው እንደ ጦር የሾለው ማርሊኖች ናቸው። በዘንግና በመንጠቆ ተይዞ በዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ የሰፈረው ትልቁ ጥቁር ማርሊን እአአ በ1953 በፔሩ ጠረፍ የተያዘው ሲሆን ክብደቱ ከ700 ኪሎ ግራም በላይ ነበር። እአአ በ1992 በብራዚል የተያዘ የአትላንቲክ ሰማያዊ ማርሊን ደግሞ 636 ኪሎ ግራም መዝኗል።

እንዲህ ያሉት ግዙፍ ሰማያዊ ማርሊኖች ሴቶች ናቸው፤ ወንዱ ከ160 ኪሎ ግራም የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው። በመሆኑም ለዋንጫና ለፎቶግራፍ የሚፈለገው ዓሣ ብዙውን ጊዜ ዘር የሚተካው ነው። በርካታ የስፖርት አጥማጆች ዓሣውን ከያዙ በኋላ መለያ ምልክት አድርገው ወደ ባሕር የሚመልሱት ለዚህ ነው።

ከመድረክ ላይ ለሚያጠምድ ሠራተኛ ግን ይህ አማራጭ እምብዛም አይገኝም። የብዙ መድረኮች ወለል ከውኃው በ20 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ ያለ ነው። ከዚያ ከፍታ በክር ተንጠልጥሎ የሚወጣ ከባድ ዓሣ በሕይወት የመመለስ ዕድሉ ጠባብ ነው።

ክልከላው ከምን የመነጨ ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት የሠራተኛው ደኅንነት ነው። በትልቅ ዓሣ የተወጠረ ክር በእጅ ላይ ከተጠመጠመ ጣት ሊቆርጥ፣ ሰውንም ከአጥር አሻግሮ ሊጥል ይችላል። ክሩ ሲበጠስ መንጠቆውና እርሳሱ ወደ አጥማጁ ይወነጨፋሉ። ከከፍታ የሚወድቅ ነገር ደግሞ ከታች በጀልባ ላይ ላለ ሰው አደጋ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሥራው ራሱ ነው። በመድረኩ ሥር ጠላቂዎችና ከርቀት የሚንቀሳቀሱ ሮቦቶች ይሠራሉ፤ አቅራቢ መርከቦችም ተጠግተው ዕቃ ያራግፋሉ። የተጣለ ክር ከመርከብ ማሽከርከሪያ ወይም ከጠላቂ መሣሪያ ጋር ሊጠላለፍ ይችላል።

ሦስተኛው ድካም ነው። ሌሊቱን ቱና ሲጠብቅ ያደረ ሠራተኛ ጠዋት ከባድ ማሽን ሊያንቀሳቅስ ይገባል። በመርከብ ለሚሠሩ ባሕረኞች እአአ በ2006 የጸደቀው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ዝቅተኛ የዕረፍት ሰዓት ካስቀመጠ በማንኛውም 24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሰዓት፣ በማንኛውም ሰባት ቀን ውስጥ ደግሞ ከ77 ሰዓት ማነስ እንደሌለበት ይደነግጋል። ዕረፍቱ የተደነገገው ድካም ሕይወት ስለሚያስከፍል ነው።

በሌላ በኩል ለሳምንታት ከቤተሰብ ተለይቶ ለሚሠራ ሰው መዝናኛ እንደ ቅንጦት የሚታይ አይደለም። ብቸኝነትና ጭንቀት በዚህ የሥራ መስክ የታወቁ ችግሮች ናቸው። ማጥመድ በሚፈቀድባቸው ጥቂት ቦታዎች የተወሰነ ስፍራና ሰዓት ይመደባል፤ ከኃላፊው ፈቃድ ማግኘትም ግዴታ ነው።

የተያዘው ዓሣ መርዝ የሚሆነው መቼ ነው?

ትኩረት የማይሰጠው ሌላው አደጋ ከማዕድ ቤት የሚመጣ ነው። ቱና፣ ማርሊንና ማሂ ማሂ በሙቀት ውስጥ ሲቆዩ ባክቴሪያዎች በሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ያመርታሉ። ሂስታሚን በመጥበስም ሆነ በመቀቀል አይጠፋም፤ ዓሣው ሲታይም ሲሸተትም ደኅና ሊመስል ይችላል።

ይህን ዓሣ የበላ ሰው ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ ፊቱ ይቀላል፤ ራስ ምታት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማሳከክና ተቅማጥ ይከተላሉ። መከላከያው አንድ ነው፦ ዓሣው እንደተያዘ አንጀቱን አውጥቶ በብዙ በረዶ ውስጥ ማስቀመጥ። በ35 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ በብረት ወለል ላይ ለፎቶግራፍ ተጋድሞ የቆየ ቱና ለምግብ አይታመንም።

ትልልቅ ባራኩዳና አምበርጃክ ሌላ ስጋት አላቸው። በሞቃት ባሕር ኮራል ላይ ከሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት የሚመነጭ ሲጓቴራ የተባለ መርዝ ከትንሹ ዓሣ ወደ ትልቁ እየተላለፈ ይከማቻል። ይህንንም ማብሰልም ሆነ ማቀዝቀዝ አያጠፋውም። በትልልቅ አዳኝ ዓሦች ሥጋ ውስጥ የሚከማቸው ሜርኩሪ ደግሞ አዘውትሮ ለሚመገብ ሰው፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር፣ ጎጂ ነው።

ሁሉም ሠራተኛ ከአንድ ማዕድ በሚመገብበት፣ ሆስፒታሉም የሄሊኮፕተር ጉዞ ርቀት ላይ በሚገኝበት ቦታ አንድ የተበላሸ ዓሣ ሥራውን ሁሉ ሊያቆም ይችላል።

የምሥራቅ አፍሪካ ባሕርስ?

ከኬንያ ጠረፍ ትይዩ ያለው ባሕር በትልልቅ ዓሦቹ የታወቀው ከነዳጅ ፍለጋው በፊት ነው። ማሊንዲ፣ ዋታሙ እና በፔምባ ሰርጥ አጠገብ ያለችው ሺሞኒ የማርሊንና የሴይልፊሽ አጥማጆች መዳረሻ ናቸው። አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ እአአ በ1934 በማሊንዲ ዓሣ አጥምዷል። ዋናው ወቅት ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የሚነፍስባቸው ወራት ነው፤ ኩሲ የተባለው የደቡብ ነፋስ ሲበረታ ጀልባዎች ይቆማሉ።

በታንዛኒያ የሶንጎ ሶንጎ ደሴት የተፈጥሮ ጋዝ እአአ ከ2004 ጀምሮ ወደ ዳሬሰላም ይፈስሳል። ከሞዛምቢክ ሰሜናዊ ጠረፍ ትይዩ፣ 2,000 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ኮራል ሱል የተባለው የጋዝ ማቀነባበሪያ ደግሞ እአአ በ2022 የመጀመሪያውን ጋዝ ለውጭ ገበያ ልኳል። በሶማሊያ ትይዩም ነዳጅ የማፈላለጉ ሥራ ተጀምሯል።

እነዚህ ሥራዎች በተስፋፉ መጠን ከሠራተኞች መዝናኛ የከበደ ጥያቄ ይነሣል። እአአ በ1982 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አገሮች በመድረኮች ዙሪያ እስከ 500 ሜትር የሚደርስ የደኅንነት ክልል እንዲያበጁ ይፈቅዳል። ክልሉ ለመርከቦችና ለመድረኩ መጠበቂያ ነው፤ ለአነስተኛ አጥማጅ ግን ዓሣው ወደተሰበሰበበት ቦታ መግባት ተከለከለ ማለት ነው። በሞዛምቢክ የአፉንጊ ልሳነ ምድር ለጋዝ ፕሮጀክት ሲባል ከባሕሩ አጠገብ ይኖሩ የነበሩ፣ ኑሯቸው በዓሣ ላይ የተመሠረተ ቤተሰቦች ወደ ሌላ መንደር ተዛውረዋል።

በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ግን ትናንሽ የመዝናኛ ጀልባዎች ወደ መድረኮች ተጠግተው ማጥመዳቸው የተለመደ ነው።

ከዚህም በላይ የዓሣው ክምችት ራሱ ገደብ አለው። መቀመጫውን በሲሼልስ ያደረገው የሕንድ ውቅያኖስ የቱና ኮሚሽን እአአ በ2015 ባለ ቢጫ ክንፍ ቱና ከሚገባው በላይ እየተጠመደ መሆኑን በመግለጽ በቀጣዩ ዓመት የማገገሚያ ዕቅድ አውጥቷል። የማርሊንና የሴይልፊሽ ምርትም በኮሚሽኑ ገደብ ተበጅቶለታል።

ባሕረኞች ምን ማወቅ አለባቸው?

ኢትዮጵያ የባሕር በር ባይኖራትም የንግድ መርከቦች አሏት፤ በባሕር ዳር የሠለጠኑ የመርከብ መሐንዲሶችም በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ ተቀጥረው ይሠራሉ። መልሕቅ ጥሎ ተራ የሚጠብቅ መርከብ ላይ መንጠቆ መጣል ቀላል ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ በሌላ አገር ውኃ ውስጥ ያለ ፈቃድ ማጥመድ የአገሩን ሕግ መጣስ ሊሆን ይችላል፤ የተጠበቁ ዝርያዎችን መያዝም ያስቀጣል። ስለሆነም የካፒቴኑን ፈቃድ መጠየቅና የወደቡን ሕግ ማረጋገጥ ይገባል።

ነዳጁ ሲያልቅ መድረኩ ምን ይሆናል?

በአሜሪካ እአአ በ1984 የወጣ ሕግን ተከትሎ ያገለገሉ መድረኮችን በባሕር ውስጥ እንደ ሰው ሠራሽ የዓሣ መኖሪያ የመተው አሠራር ተጀምሯል። እስካሁን በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከ500 በላይ መድረኮች በዚህ መንገድ ቀርተዋል።

የሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ አገሮች የመረጡት መንገድ የተለየ ነው። እአአ በ1995 ብሬንት ስፓር የተባለውን የነዳጅ ማከማቻ በባሕር ውስጥ የማስጠም ዕቅድ ከፍተኛ ተቃውሞ ካስነሣ በኋላ፣ እአአ በ1998 አገልግሎታቸውን የጨረሱ መድረኮች ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከባሕር እንዲነሡ ወሰኑ።

የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችም መድረኮቻቸው ሲያረጁ ከሁለቱ አንዱን መምረጣቸው አይቀርም። ብረቱን የማንሣቱን ወጪ ማን ይሸፍናል፣ በዙሪያው የተሰበሰበውን ዓሣስ ማን ያጠምዳል የሚሉትን ጥያቄዎች መመለስ የሚቀልለው ግን ከቁፋሮው በፊት በሚፈረመው ውል ላይ ነው።