ተልኮ የተመለሰ ሰው ለላኩት የሚሰጠው ቃል

ስለ ወንጌል ብሎ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው በሚነሣበት ቀን ብዙ ክብር ይደረግለታል፤ ይጸለይለታል፥ ስንቅ ይሰናዳለታል፥ ወዳጅ ዘመድም እስከ መንገድ ይሸኘዋል። በሚመለስበት ቀን ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «ስንት ሰው አጠመቅህ?» የሚል ነው። ተልእኮ በመሄድ ተጀምሮ በመመለስ እንደሚፈጸም፥ የተመለሰውም ሰው ለላኩት እውነተኛ ቃል የመስጠት ዕዳ እንዳለበት የሚያስብ ጥቂት ነው።

የሐዋርያት ሥራ በ14ኛው ምዕራፍ ስለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ጽፎልናል። ጳውሎስና በርናባስ ቆጵሮስንና የታናሽ እስያን ከተሞች ዞረው ካስተማሩ በኋላ፥ ወደ ተላኩባት ወደ አንጾኪያ በመርከብ ተመለሱ። በደረሱም ጊዜ ምእመናኑን ሰብስበው የተደረገውን ሁሉ ነገሩአቸው፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ቀን ከደቀ መዛሙርቱ ጋራ ተቀመጡ። እንግዲህ ከዚህ እንደምናየው ተልኮ ለተመለሰ ሰው ሦስት ነገር ተገብቶታል፤ መጀመሪያ ወደ ላኩት መመለስ፥ ሁለተኛ ያየውንና የሆነውን በማኅበር ፊት መናገር፥ ሦስተኛም ከማኅበሩ ጋራ እንደ ቀድሞው መኖር ነው። ከነዚህ ከሦስቱ አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። ይህንንም በእውነት ከፈጸሙት ሰዎች አንዱ በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው መነኩሴ ዊልያም ዘሩብሩክ ነው። ታሪኩን ባጭሩ እንነግራለን፤ ዘመኑንም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈነዋል።

በእኛ አገር የዛጉዬ ነገሥታት ይገዙ በነበረበት በዚያ ዘመን፥ ሞንጎሎች ከእስያ ምሥራቅ ተነሥተው እስከ ሃንጋሪያ ድረስ ያለውን አገር አስጨንቀው ነበር። የሮማው ፓፓ ኢኖቄንጢዮስ 4ኛ በ1245 ዮሐንስ ዘፕላኖ ካርፒኒ የሚባለውን መነኩሴ ወደ እነርሱ ላከ፤ እርሱም በ1247 ተመልሶ ያየውን ጻፈ። ሰሚዎቹ እንዳይጠራጠሩትም በመንገድ ያገኙትን ነጋዴዎች ስም በመጽሐፉ መጨረሻ ለምስክርነት ቈጠረ። ከዚህ በኋላ የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊስ 9ኛ በ1249 እንድርያስ ዘሎንዡሞ የሚባለውን መነኩሴ ከስጦታ ጋራ ላከ። በ1251 የመጣለት መልስ ግን በየዓመቱ ወርቅና ብር ገብር የሚል ሆነ፤ ስለዚህ ንጉሡ መላኩን እጅግ ተጸጸተ።

ዳሩ ግን ሰርታቅ የሚባለው የሞንጎሎች መስፍን ክርስቲያን ሆኗል የሚል ወሬ ንጉሡ ለመስቀል ጦርነት ወደ ተቀመጠበት ወደ ቅድስት አገር ደረሰ። የፍላንደር ተወላጅና የፍራንቸስኮ ማኅበር መነኩሴ የነበረው ዊልያም ይህን ሰምቶ፥ ወንጌልን ለማስተማርና በሞንጎሎች እጅ የወደቁትን ምርኮኞች ለማጽናናት ተነሣ። ንጉሡም ወደ ሰርታቅ የሚደርስ ደብዳቤ ሰጠው። እርሱ ግን የፊተኛው መልእክት ያመጣውን ኀፍረት ያውቅ ነበርና፥ የንጉሥ እንደራሴ እንዳልሆነ በቁስጥንጥንያ ቤተ ክርስቲያን በሕዝብ ፊት ተናገረ። በግንቦት 1253 ከቁስጥንጥንያ ተነሥቶ ጥቁር ባሕርን ተሻገረ። ከእርሱም ጋራ በርተሎሜዎስ ዘክሬሞና የሚባል መነኩሴ፥ አንድ ጸሐፊና አንድ አስተርጓሚ ነበሩ።

ሰርታቅ ወደ አባቱ ወደ ባቱ ሰደደው፤ ባቱም ወደ ታላቁ ካን ወደ ሞንግኬ ሰደደው። እንዲህም ሆኖ ዊልያም ሳያስበው እስከ ሞንጎልያ ተጓዘ፤ በ1253 ፍጻሜ በብርቱ ብርድ ወራት ከካኑ ሰፈር ደረሰ። ከብርዱና ከረኀቡ ሌላ ያስቸገረው የአስተርጓሚው ነገር ነው። ሊያስተምር በተነሣ ጊዜ አስተርጓሚው እንዲህ ያለ ቃል መናገር አልችልም ይለው ነበር፤ ኋላም ዊልያም ራሱ ቋንቋውን ጥቂት መስማት ሲጀምር፥ ሰውዬው እርሱ ያላለውን ሌላ ነገር ይናገር እንደ ነበረ አወቀ። በካኑ ፊት በቀረቡም ቀን አስተርጓሚው ከተሰጠው መጠጥ ብዙ ጠጥቶ ሰክሮ ነበርና ቃሉን ለመረዳት አልተቻለም።

በ1254 የትንሣኤ በዓል በካራኮሩም ከተማ ሲከበር፥ ከሃንጋሪያ፥ ከሩስያ፥ ከጊዮርጊያ፥ ከአርመንና ከአላን ሕዝብ የሆኑ ብዙ ክርስቲያኖች ወደ እርሱ ተሰበሰቡ፤ ከተማረኩ ጀምሮ ሥጋ ወደሙን አልተቀበሉም ነበር። ዊልያምም ኑዛዜያቸውን ሰምቶ አቈረባቸው። በሃንጋሪያ የተማረከ ጊዮም ቡሼ የሚባል የፓሪስ ወርቅ ሠሪ የቍርባኑን ኅብስት መጋገሪያ ብረት ሠራለት። በበዓለ ሃምሳ ዋዜማም በካኑ ትእዛዝ ከእስልምና መምህራንና ከቡድሃ መነኮሳት ጋራ በጉባኤ ተቀምጦ ስለ እግዚአብሔር አንድነት ተከራከረ። ጉባኤው ቃሉን ሳይቃወም ሰማ፤ ነገር ግን አመንሁ፥ ልጠመቅ የሚል አንድ ሰው አልተገኘም፤ ክርክሩም ሲያልቅ ሁሉም በአንድነት ጠጡ። በማግሥቱ ካኑ አስጠርቶት፥ እግዚአብሔር ለእጅ ልዩ ልዩ ጣቶችን እንደ ሰጠ ለሰዎችም ልዩ ልዩ መንገድ እንደ ሰጠ፥ ክርስቲያኖችም የተሰጣቸውን መጽሐፍ እንደማይጠብቁ ነገረው። ዊልያም በዚያ አገር በቆየበት ዘመን ሁሉ ያጠመቃቸው ነፍሳት 6 ብቻ ናቸው።

በሐምሌ 1254 የመመለሻው ጊዜ ደረሰ። በርተሎሜዎስ ግን በፊተኛው መንገድ እጅግ ተጐድቶ ነበርና፥ ያን ምድረ በዳ ዳግመኛ መሻገርን ፈርቶ በካራኮሩም ከወርቅ ሠሪው ዘንድ ቀረ። ሁለቱ ወንድሞች በዕንባ ተለያዩ። ዊልያም ሁለት ወር ከዐሥር ቀን ተጉዞ ከባቱ ሰፈር ደረሰ፤ ከዚያም በካውካሶስ ተራሮች በኩል ወደ ደቡብ ወረደ። የልደትን በዓል በናኽቺቫን ከተማ አከበረ። በዚያች ከተማ ቀድሞ 800 የአርመን አብያተ ክርስቲያናት እንደ ነበሩ፥ እርሱ በደረሰ ጊዜ ግን የቀሩት 2 ታናናሾች ብቻ እንደ ሆኑ ጽፏል።

በሰኔ 1255 ቆጵሮስ ሲደርስ የላከው ንጉሥ ወደ ፈረንሳይ መመለሱን ሰማ። ከዚያ በአንጾኪያ በኩል አልፎ በነሐሴ በሊባኖስ ጠረፍ ወዳለችው ወደ ትሪፖሊ መጣ። ጳውሎስና በርናባስ ማኅበሩን ሰብስበው የተናገሩባት አንጾኪያ ለእርሱ መተላለፊያ ብቻ ሆነች። ወደ ንጉሡ ሄዶ ያየውን በቃሉ ሊነግረው እጅግ ይመኝ ነበር፤ አለቃው ግን በአካ ከተማ ተቀምጦ እንዲያስተምር፥ ለንጉሡም የሚለውን በጽሑፍ እንዲልክ አዘዘው። ዊልያም መነኩሴ ነውና ታዘዘ። ንጉሡ አለቃውን እንዲለምንለት በደብዳቤው ከመጠየቅ በቀር ሌላ ነገር አላደረገም።

እንግዲህ ይህ ደብዳቤ ምን ይዟል? ስለ ራሱ ተአምራት የሚናገር አይደለም። ያጠመቀው 6 ነፍስ መሆኑን ሳይጨምር ጻፈ፤ የአስተርጓሚውን ስካር አልሸሸገም፤ ክርስቲያኖችን የሚወቅሰውን የካኑን ንግግርና ንጉሡን ለመገዛት የሚጠራውን ደብዳቤም ገልብጦ ላከ። ስለ ሰርታቅ ሲጽፍ፥ በክርስቶስ ማመኑን ወይም አለማመኑን እንደማያውቅ፥ ነገር ግን ክርስቲያን መባልን እንደማይወድ ገለጠ። የሚያውቀውን ከማያውቀው ለይቶ መናገሩን አንባቢ ልብ ይበል። እንዲሁም የካስፒያን ባሕር ከውቅያኖስ ጋራ የተገናኘ ነው ያለው የሊቁ የኢሲዶሮስ ቃል ልክ እንዳልሆነ፥ ባሕሩም ዙሪያውን በምድር የተከበበ መሆኑን ጻፈ። በመጨረሻም እርሱ በሄደበት አኳኋን ሌላ መነኩሴ መላክ እንደማይጠቅም፥ ፓፓው ቢፈቅድ ኤጲስ ቆጶስ በክብር ቢላክ እንደሚሻል፥ ለዚያም ብዙ ስንቅና ብዙ ደኅና አስተርጓሚዎች እንደሚያስፈልጉ መከረ።

በእርግጥ ዊልያም በሁሉ ነገር ፍጹም ዳኛ ነበረ ማለት አይቻልም። በዚያ አገር ያገኛቸውን የንስጥሮስን ወገኖች በጽኑ ቃል ነቅፏል፤ ብዙ መቶ ዓመት በአሕዛብ መካከል ሃይማኖታቸውን ጠብቀው የኖሩትን ሰዎች በጥቂት ወር ትውውቅ መፍረድ ግን ይከብዳል። ይህ ከአጭር ጉዞ የሚመለስ ሰው ሁሉ የሚያገኘው ፈተና ነው። አንዱ ፈተና የሠራውን ሥራ ማብዛት ነው፤ ሁለተኛው እንግድነት የተቀበለውን ሕዝብ አሳንሶ መናገር ነው። ዊልያም የፊተኛውን አሸንፏል፤ ሁለተኛው ግን አንዳንድ ጊዜ አሸንፎታል።

ያ ደብዳቤ በከንቱ አልቀረም። ዊልያም ኋላ ወደ ፈረንሳይ ለመሄድ ተፈቀደለት፤ እንግሊዛዊው ሊቅ ሮጀር ቤከንም መጽሐፉን አንብቦ ከእርሱም ጋራ ተነጋግሮ፥ በ1267 ለፓፓው በላከው ታላቅ መጽሐፉ ውስጥ ጠቀሰው። ዛሬም ስለ ሞንጎሎች ዘመን የሚመረምሩ ሊቃውንት ከሚተማመኑባቸው ምስክሮች አንዱ እርሱ ነው። የ6 ሰዎችን ጥምቀት 600 አድርጎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ፥ በዚያን ጊዜ ደስታ ይሆን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ማንም ባላመነው።

ስለዚህ ነገሩ የተላከውን ብቻ ሳይሆን የሚልኩትንም ይመለከታል። ቍጥር ብቻ የሚጠይቅ ማኅበር መልእክተኛውን ሐሰት ያስተምረዋል። በካራኮሩም የቈረቡት ምርኮኞች ከ6ቱ ጥምቀቶች ጋራ አልተቈጠሩም፤ ደክሞ በሩቅ አገር የቀረው በርተሎሜዎስም በማናቸውም ድምር ውስጥ አልገባም። ተልኮ የተመለሰውን ወንድም ስንቀበል እንግዲህ የሠራውን እንጠይቀው፤ ያልተቻለውንም ያለ ፍርሃት እንዲነግረን፥ በዚያ የቀሩትንም እንዲያሳስበን ጆሯችንን እንስጠው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለ፥ ዛሬ ያነሰ የመሰለን ቃል ነገ የሚሄዱትን ሰዎች መንገድ ያበራላቸዋል።