አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ዱራሜ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሶፍትዌር መመሪያ ስጽፍ ምዕራፍ 3ን «የላቀ የሰነድ አስተዳደር» ብዬ ሰየምኩት። ኮርቼበትም ነበር። አንድ ቀን ከገጠር ቀበሌ የመጡ ሽማግሌ የጠፋባቸውን ምስክር ወረቀት ድጋሚ ለማሳተም መስኮቱ ጋ ቆሙ። እሳቸው በከምባትኛ ጠየቁ፣ ሠራተኛዋ በአማርኛ ፈለገች፣ እኔ ደግሞ በየትኛው ቋንቋ እንደጻፍኩ እንጃ። መመሪያውን ገለጠች፣ ገለጠች፣ በመጨረሻ «አባቴ፣ ሰኞ ይመለሱ» አለቻቸው። በኋላ ራሷ ነገረችኝ። መልሱ ምዕራፍ 3 ውስጥ ነበር፤ ርዕሱ ግን አላሳያትም። ጥፋቱ የኔ ነው።

ለመሆኑ እኛ ለጽሑፍ ስም የምናወጣው እንዴት ነበር? የብራና መጻሕፍታችን እንደ ዛሬው መጽሐፍ የርዕስ ገጽ የላቸውም። ስማቸው ብዙውን ጊዜ መግቢያው ላይ ነው የሚገኘው። ግን ሥርዓት አለው፤ መጀመሪያ ዓይነቱ፣ ቀጥሎ ባለቤቱ፦ ገድለ ተክለ ሃይማኖት፣ ድርሳነ ሚካኤል፣ ተአምረ ማርያም። ገድል ካለ የቅዱስ ሕይወት ነው። መልክዕ ካለ የቅዱሱን አካል ከራስ እስከ እግር እየጠራ የሚያወድስ ግጥም ነው። ሳትገልጡት ምን እንደያዘ ታውቃላችሁ።

አዋጅ ደግሞ ድሮ ነጋሪት ተጎስሞ በጆሮ ነበር የሚሰማው፤ ገጽ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ሲጀመር ከበሮው ወረቀት ሆነ። ወረቀት ይከማቻል፤ የተከማቸ ነገር ደግሞ ካልሰየሙት አይገኝም። ዛሬ አዋጅ ስትከፍቱ አንቀጽ 1 ብዙውን ጊዜ «አጭር ርዕስ» ይላል፤ ሕጉ ከሁሉ በፊት ምን ተብሎ እንደሚጠራ ይነግራችኋል። ቁጥርም አለው፤ ሕገ መንግሥቱን ያወጀው አዋጅ ቁጥር 1/1987 ነው። ቁጥሩ የሚጠቅመው ሕጉን አስቀድሞ ለሚያውቅ ነው። ለማያውቀው መንገድ የሚያሳየው ርዕሱ ነው። የኔ «ምዕራፍ 3» ቁጥር ነበረው፣ መንገድ ግን አልነበረውም።

የሶፍትዌር ሰዎችም ዘግይተው እዚሁ ደርሰዋል። ዲያታክሲስ የሚባለው አሠራር ሰነድን በአራት ይከፍላል፦ ማስተማሪያ፣ የአሠራር መመሪያ፣ ማጣቀሻ፣ ማብራሪያ። ሳነበው ገድልና ድርሳን ትዝ አሉኝ።

ምዕራፍ 3 አሁን «የጠፋ ምስክር ወረቀት እንዴት ድጋሚ ይታተማል?» ይባላል። ረጅም ነው፣ አያምርም። ሽማግሌው የጠየቁት ግን ይህንኑ ነበር። አሁን ርዕስ ከማውጣቴ በፊት መስኮቱ ጋ ሄጄ ሠራተኛዋን «ሰዉ ምን ብሎ ነው የሚጠይቅሽ?» እላታለሁ።