የጋሊሌዮ ሳንቃ

ፍጥነቱ እኩል እየጨመረ የሚሄድ ነገር ምን ያህል ርቀት ይሸፍናል? ጥያቄው የመካከለኛው ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1330ዎቹ የኦክስፎርዱ መርተን ኮሌጅ ምሁር ዊልያም ሄይትስበሪና ባልደረቦቹ፣ በአማካይ ፍጥነቱ ሳያዛንፍ ቢጓዝ የሚሸፍነውን ያህል ነው ሲሉ መለሱ። ብዙም ሳይቆይ ኒኮል ኦሬም በፓሪስ ይህንኑ በሥዕል አሳየ፤ አግድሙ መስመር ጊዜ፣ ቋሚው ፍጥነት። ዛሬ በየክፍሉ የሚሣለው ግራፍ ዘሩ ከዚያ ነው።

ይሁንና ሕጉን ከሚወድቅ ድንጋይ ጋር አላገናኙትም።

ጋሊሌዮ ጋሊሊ እ.ኤ.አ. በ1604 ከፓዶቫ ለወዳጁ ለፓኦሎ ሳርፒ በጻፈው ደብዳቤ፣ የሚወድቅ ነገር የሚሸፍነው ርቀት በጊዜው ስኩዌር ልክ እንደሚያድግ ገለጸ። ይህ ልክ ነበር። ምክንያቱ ግን ስህተት ነበር፤ ፍጥነት የሚጨምረው በተጓዘው ርቀት ልክ ነው ብሎ አስቦ ነበር። እንደዚያ ቢሆን ምንም ርቀት ያልሄደ ድንጋይ ምንም ፍጥነት ስለማይኖረው፣ ከእጅ ቢለቀቅም ንቅንቅ ባላለ ነበር። ርቀትን ትቶ ጊዜን መለኪያው ለማድረግ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ የእንቅስቃሴ ጥናት ትልቁ እርምጃም ይኸው ይመስላል።

ጊዜን መለካቱ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር። የተለቀቀ ድንጋይ በአንዲት ሰከንድ አምስት ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ የፔንዱለም ሰዓት ደግሞ ገና አልተሠራም። ስለዚህ ጋሊሌዮ መውደቁን አዘገየው። 12 ክንድ ርዝመት፣ ሦስት ጣት ውፍረት ያለው ሳንቃ ላይ ቀጥ ያለ ቦይ አስፈልፍሎ፣ ውስጡን በለሰለሰ ብራና አለበሰው። ሳንቃውን በአንድ ጫፍ ከፍ አድርጎ የነሐስ ኳስ ለቀቀበት። ኳሷ እስክትወርድ ድረስ ከትልቅ ዕቃ በቀጭን ቱቦ የሚፈሰውን ውሃ በብርጭቆ አጠራቅሞ በሚዛን መዘነ፤ የውሃው ክብደት ጊዜውን ነገረው። የቦዩን ሩብ ለመውረድ የሚፈጀው ጊዜ ሙሉውን ለመውረድ ከሚፈጀው ግማሽ ሆነ።

ይህን የተረከበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1638 በላይደን ሲታተም እሱ በፍርድ ከቤት እንዳይወጣ ተደርጎ፣ ዓይኑም ጠፍቶ ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊው አሌክሳንደር ኮይሬ እንዲህ ባለ መሣሪያ ትክክለኛ ልኬት ሊገኝ አይችልም ብሎ ተጠራጠረ። እ.ኤ.አ. በ1961 ቶማስ ሴትል ሙከራውን በተመሳሳይ ዕቃዎች ደግሞ ሠራው፤ ውጤቱም ጋሊሌዮ እንዳለው ሆነ። ሳንቃ፣ ኳስ፣ ውሃና ሚዛን በየትኛውም ትምህርት ቤት አይታጡም፤ የፊዚክስ መምህራን ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ከመጻፋቸው በፊት ተማሪዎቻቸውን ይህን ሙከራ ቢያሠሯቸው መልካም ነው።